ውሃ የሚገባው በበሩ ነው፦ በዝናብ ብስክሌት ለሚነዳ እግር የሞከርኳቸው መከላከያዎች

ውሃ አያስገባም የተባለውን ካልሲ እስከ አፉ ውሃ ሞልቼ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰቅዬው አደርኩ። ጠዋት ከሥሩ ያስቀመጥኩት ሳህን ደረቅ ነበር፤ አንዲት ጠብታ እንኳን አላፈሰሰም። ይኸው ካልሲ ደርቆና እግሬ ላይ ሆኖ ደህና ዝናብ ውስጥ ሲገባ ግን ጣቶቼ ዋኙ። ከሠሪዎቹ ጋር ጸብ የለኝም፤ ጨርቁ ቃሉን ጠብቋል። ውሃው የገባው በጨርቁ ሳይሆን እኔ እግሬን ባስገባሁበት በር ነው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም የእግር መከላከያ የምመዝነው በአፉ፣ በዚፑና በሥሩ ባለው ቀዳዳ ነው። ስለ ጨርቁ የተጻፈውን ማስታወቂያ አነባለሁ፤ ለኔ ጥያቄ ግን መልስ የለውም።

አስተማሪ ነኝ። ወደ ሥራ በብስክሌት ግማሽ ሰዓት ያህል እሄዳለሁ፤ ከዚያም ሲሚንቶ ወለል ላይ ለሰዓታት እቆማለሁ። ስለዚህ እግሬ የሚርሰው ለግማሽ ሰዓት ይሁን እንጂ ቅጣቱ የሙሉ ቀን ነው። ተማሪ ፊት ቆሞ ስለ ክፍልፋይ ሲያስረዱ ጫማ በየእርምጃው ውሃ ሲተፋ ከባድ ነው። ከሰዓት በኋላ ቆዳው ነጥቶ ይጨማደዳል፤ በጣቶች መካከል የሚቀረው እርጥበት ደግሞ ፈንገስ የሚወደው ቦታ ነው። በሥራ ቀን የማደርገው ተራ ባለ ማሰሪያ የቆዳ ጫማ ነው። ቅዳሜና እሑድ ረጅም መንገድ ስነዳ ደግሞ ሥሩ ላይ ከፔዳል ጋር የሚነካከስ ብረት ያለው ጠንካራ የብስክሌት ጫማ አደርጋለሁ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ጫማዎች ላይ የተፈተነ ነው።

ስለ ዕቃዎቹ ከመናገሬ በፊት ስለ ውሃው አመጣጥ ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጥለው እዚህ ላይ ነውና። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በሰከንድ አምስት ሜትር ተኩል ያህል ይጓዛል። መካከለኛ የዝናብ ጠብታ ደግሞ በሰከንድ ስድስት ሜትር ገደማ ይወርዳል። ሁለቱ ሲደመሩ ንፋስ ባይኖር እንኳን ዝናቡ እግርን የሚመታው ከአናት ሳይሆን ከፊት ለፊት፣ ወደ አርባ አምስት ዲግሪ በተጠጋ አንግል ነው። ፔዳሉ ከላይ ወደ ፊት በሚያልፍበት ቅጽበት እግር ከብስክሌቱም በትንሹ ይፈጥናል። የጫማ ማሰሪያና ምላስ ያለበት ቦታ፣ ማለትም ለእግረኛ ዝናብ ብዙ የማይጋለጠው ክፍል፣ ለብስክሌተኛ ግንባር ይሆናል። ለዚህ ነው በእግር ሲሄዱበት ደህና የሚመስል ጫማ ብስክሌት ላይ በደቂቃዎች ውስጥ እጁን የሚሰጠው።

ይህ ግን የሰማዩ ድርሻ ብቻ ነው። ትልቁ ውሃ የሚመጣው ከመሬት ነው፤ ያመጣውም የራሳችን የፊት ጎማ ነው። ጎማው የረገጠውን ውሃ አንስቶ ከአስፋልቱ እንደተላቀቀ ወደ ኋላና በትንሹ ወደ ላይ ይወረውረዋል። በዚያ አቅጣጫ ላይ ያሉት ሁለቱ እግሮችና የፔዳሉ ዘንግ ናቸው። ይህ ውሃ ንጹሕ ዝናብ አይደለም፤ አሸዋ፣ ዘይትና ጭቃ የተሸከመ ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላም መንገዱ እስኪደርቅ ድረስ አይቆምም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጤ እግር ላይ የሚደረግ ነገር አይደለም። የፊት ፓራፋንጎ ጫፍ ላይ የሚንጠለጠል አንድ ቁራጭ ጎማ ነው። አብዛኞቹ የፊት ፓራፋንጎዎች የሚያልቁት ከመሬት በጣም ከፍ ብለው ነው። ጀርባንና ሰንሰለትን ሊያድኑ ይችላሉ፤ እግር ላይ የሚረጨው ውሃ ግን የሚነሳው እነሱ ካለቁበት በታች ነው። አጭር ፓራፋንጎ ያለው ብስክሌትና ምንም የሌለው ብስክሌት ለእግር ልዩነታቸው ከሚጠበቀው በላይ ትንሽ ነው። ቁራጩ ጎማ ወርዶ ከመሬት አምስት ወይም ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል ሲቀረው ግን ነገሩ ይለወጣል። የጎማው ርጭት እዚያው ይመታና ወደ መሬት ይመለሳል።

ተዘጋጅቶ የሚሸጠውንም ከአሮጌ ከመነዳሪ የቆረጥኩትንም ሞክሬአለሁ። የተዘጋጀው ያምራል፤ ቀዳዳዎቹ ልክ ናቸው፤ ነገር ግን ጠባብና ደረቅ ፕላስቲክ ነበር፣ የመንገድ ጠርዝ ሲነካ ተሰነጠቀ። ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠው ይተጣጠፋል፤ ጠርዝ ሲነካው ይታጠፍና ይመለሳል። ችግሩ ስስ ከመነዳሪ በፍጥነት ሲነዱ በንፋስ ወደ ኋላ ተነስቶ መንሳፈፉ ነው። ሁለት ድርብ አድርጎ መስፋት ወይም ታችኛው ጫፍ ላይ ትንሽ ክብደት መጨመር ይፈታዋል። ስፋቱ ከፓራፋንጎው ቢበልጥ ይመረጣል፤ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ቅርጽ ከሁሉ የተሻለ ነው። በሁለት ትንንሽ ብሎኖች ይታሰራል። የብሎኖቹ ጭንቅላት ወደሚሽከረከረው ጎማ በኩል፣ ጅራቱ ወደ ውጭ ይሁን፤ በተቃራኒው ከሆነ ጅራቱ ጎማውን ሊበላው ይችላል። ፓራፋንጎው ራሱ ከጎማው ቢያንስ በአንድ ሳንቲ ሜትር የሰፋና በደንብ የታሰረ መሆን አለበት። የተላቀቀ የፊት ፓራፋንጎ ጎማው ውስጥ ገብቶ ነጂውን በመሪው ላይ አሽቀንጥሮ ሊጥል ስለሚችል በዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ይህን ያደረገ ሰው በቀላል ዝናብ ሌላ ምንም ላያስፈልገው ይችላል። እኔ ግን ቀላል ዝናብ ብቻ እንዲዘንብልኝ መጠየቅ ስላልቻልኩ ወደ ጫማ ሽፋኖች እሄዳለሁ።

መጀመሪያ የኒዮፕሪን ሽፋን። ኒዮፕሪን እ.ኤ.አ. በ1930 በአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ የተገኘ ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። ለእኛ የሚጠቅመው ስፖንጅ መሰል ዓይነቱ ነው፤ በውስጡ የታሰሩ ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች ሙቀት እንዳያመልጥ ይከላከላሉ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የፊዚክስ ሊቁ ሂው ብራድነር ከዚህ ቁስ የጠላቂ ልብስ ሲሠራ የተነሳበት ሐሳብ ቀላል ነበር፦ ሰው እንዲሞቀው የግድ መድረቅ የለበትም። ውሃ ከሰውነት ሙቀትን የሚወስደው ከቆመ አየር ከሃያ ጊዜ በላይ በሆነ ፍጥነት ነው፤ ነገር ግን ያ ውሃ ትንሽ ከሆነና ካልተለዋወጠ ሰውነት ያሞቀዋል፣ አረፋውም ያቆየዋል።

የኒዮፕሪን የጫማ ሽፋን ጥንካሬም ድክመትም ከዚህ ታሪክ ይጀምራል። በብርድ ዝናብ ረጅም መንገድ ለሚነዳ ሰው ከዚህ የሚሻል አላየሁም፤ ጣቶቼ ሳይደነዝዙ ሰዓታት ነድቻለሁ። ደረቅ ነበርኩ ወይ? አልነበርኩም። ስፌቱ በመርፌ የተወጋ ነው፤ በየቀዳዳው ውሃ ያልባል። ከኋላ በኩል ከተረከዝ እስከ ባት የሚወጣው ዚፕ ደግሞ የኋላ ጎማ የሚረጨውንና ከላይ የሚወርደውን ውሃ በሙሉ የሚቀበል ረጅም ቀዳዳ ነው። የኔው ዚፕ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አሸዋ በልቶት መንከስ ጀመረ። ከእያንዳንዱ የጭቃ ጉዞ በኋላ በጥርስ ብሩሽ አጥቦ ትንሽ ሰም መቀባት ዕድሜውን ያረዝመዋል። ሽፋኑ በሞቃት ዝናብ ደግሞ እውነተኛ ሥቃይ ነው፤ ላብ መውጫ የለውም። ሽታውን ማንሳት አልፈልግም፤ ያለቀው ሽፋን በር ላይ ተሰቅሎ ሲያድር ቤተሰቤ አስተያየቱን ሰጥቷል።

ለሥራ መንገድ አልመክረውም። ሥሩ የተሠራው ለብስክሌት ጫማ ነው፤ ተረከዝና ፔዳል የሚነካው ቦታ ክፍት ሆኖ ቀሪው በቀጭን ማሰሪያ ይያያዛል። በእግር ደረጃ ወጥቶ ወርዶ የሚውል ሰው ያንን ማሰሪያ ቶሎ ይጨርሰዋል።

የማደርገው፣ የምገዛውም፣ ሲያልቅ የምተካውም ሁለተኛው ዓይነት ነው፦ ስስ፣ ልቅ ያለ፣ ሙሉ ሥር ያለው የጫማ ሽፋን። በውጭ ናይለን ነው፤ በውስጥ ውሃ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ተለጥፎበታል፤ ስፌቶቹ ሁሉ ከውስጥ በፕላስተር ታሽገዋል። ሥሩ ጥርስ ያለው ጎማ ነው። በተራ ጫማ ላይ ይጠለቃል፤ በር ላይ ሲደርሱ አውልቆ አራግፎ ፌስታል ውስጥ መክተት ነው። ከሥሩ ደረቅ፣ የተወለወለ ጫማ ይወጣል። የሥራ ባልደረቦቼ በመኪና የመጣሁ ይመስላቸዋል።

የዚህ ሽፋን ጉብዝና ያለው ከናይለኑ ይልቅ አከፋፈቱ ላይ ነው። ርካሾቹ ከኋላ በዚፕ ይዘጋሉ። የኔው የሚዘጋው በጎን በኩል ሲሆን ዚፑን ሰፊ የጨርቅ ምላስ ይሸፍነዋል፤ ከዚፑ በስተጀርባ ደግሞ እንደ ጫማ ምላስ የሚታጠፍ ውሃ የማያስገባ ጨርቅ አለ። ዚፑ ቢያፈስ እንኳን ውሃው እዚያ እጥፋት ውስጥ ይቀራል። ላይኛው አፉ በመሳቢያ ገመድ ይጠብቃል። ሱቅ ውስጥ ሆናችሁ አንድ ነገር ብቻ ለማየት ጊዜ ካላችሁ ይህን እጥፋት ፈልጉ። ከሌለው መልሱት።

በመለያው ላይ የሚጻፈውን ቁጥር ግን ብዙም አትጨነቁበት። 10,000 ሚሊ ሜትር ሲባል ጨርቁ የአሥር ሜትር ከፍታ ያለው የውሃ ዓምድ የሚያደርስበትን ግፊት ይችላል ማለት ነው። በመለኪያው ላይ የውሃው ግፊት ቀስ በቀስ ይጨመርና በጨርቁ በኩል ሦስተኛው ጠብታ ብቅ ሲል ንባቡ ይወሰዳል። ጠቃሚ ፈተና ነው፤ ግን የተፈተነው የተወጠረ ቁራጭ ጨርቅ ነው። ቁራጩ ጨርቅ ዚፕ የለውም፣ ቁርጭምጭሚት አይገባበትም፣ ፔዳል አይረግጥም። 10,000 የተጻፈበት ሽፋን በአፉ ሲያስገባ 20,000 የተጻፈበትም በአፉ ያስገባል።

የላብ እንፋሎት ያስወጣል ስለሚባለው ነገር ደግሞ ትንሽ ላብራራ፤ ሰዎች ወይ ከሚገባው በላይ ያምኑታል ወይ ጨርሶ ይክዱታል። በናይለኑ ውስጥ ከሚለጠፉት ስስ ሽፋኖች ዝነኛው ጎር-ቴክስ የመጣው ቦብ ጎር እ.ኤ.አ. በ1969 ቴፍሎን የተባለውን ቁስ አሙቆ በኃይል ሲስበው እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ስስ ነገር ሆኖ በመገኘቱ ነው። ቀዳዳዎቹ ለውሃ ጠብታ ጠባብ፣ ለእንፋሎት ሰፊ ናቸው። ሁኔታው ግን አለው፦ እንፋሎቱ የሚወጣው ውጭው ከውስጡ ደረቅና ቀዝቃዛ ሲሆንና የውጩ ናይለን ውሃ ጠጥቶ ሳይደፈን ነው። ናይለኑ ላይ ውሃ ዶቃ ሠርቶ መንከባለሉን ትቶ መስረግ ከጀመረ፣ ሽፋኑ ባያፈስም ላቡ ውስጥ ይቀራል፤ ባለቤቱም «አፈሰሰብኝ» ይላል። ፈውሱ ማጠብና ውሃ የሚያንከባልለውን ቅባት ማደስ ነው። ቀድሞ ለዚህ ይውሉ ከነበሩት ፍሎሪን ያለባቸው ኬሚካሎች አንዳንዶቹ በአካባቢ ውስጥ ስለማይጠፉ እየተከለከሉ መጥተዋል፤ ፒ.ኤፍ.ኦ.ኤ. የተባለው እ.ኤ.አ. በ2019 እንዲህ ያሉ የማይጠፉ ኬሚካሎችን በሚገድበው ዓለም አቀፉ የስቶክሆልም ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ተተኪዎቹ ውሃን ደህና አድርገው ይመልሳሉ፤ ዘይትን ግን አይችሉም። የቀኝ እግር ሽፋን ደግሞ ከሰንሰለቱ ጎን ነው የሚኖረው። ስለዚህ ከድሮው ይልቅ ቶሎ ቶሎ መታጠብ ይፈልጋል፣ በተለይ ቀኙ።

አሁን ስለ አለባበስ። እጅግ የሚያናድደኝ የሱሪን እግር ሽፋኑ ውስጥ የሚከት ሰው ነው። ዝናቡ ከጭን በቅልጥም አድርጎ ሲወርድ ወዴት እንዲሄድ ነው? ሱሪው፣ በተለይ የዝናብ ሱሪው፣ ከሽፋኑ በላይ ይውረድ። ካልሲውም ከሽፋኑ አፍ በላይ ብቅ አይበል፤ ጥጥ ካልሲ ብቅ ካለ ውሃውን እንደ ፋኖስ ክር ስቦ እስከ ጣት ድረስ ያደርሰዋል። ሰንሰለት እንዳይበላው የቀኙን ሱሪ በማሰሪያ መያዝ ይቻላል፤ ግን ማሰሪያው ሱሪውን ከሽፋኑ ጋር አብሮ የሚያስር ይሁን እንጂ ወደ ላይ አይሰብስበው። ቁምጣ ለባሹ ይህ መፍትሔ የለውም፤ የባዶ ቅልጥምን ውሃ የሚያቆም የጨርቅ አፍ የለም።

ለቁምጣ ለባሽ ጥሩ የሚሠራው የሲሊኮን ሽፋን ነው። ዚፕም ስፌትም የለውም፤ እንደ ጓንት ተለጥጦ ጫማው ላይ ይጠለቃል፣ አፉም ቆዳን ይዞ ይቀመጣል። የተጠቀለለው ቡጢ አያክልም፤ ቦርሳ ጥግ ሊረሳ ይችላል። ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ሲጠልቁት ግን ግማሽ ትዕግሥት ያልቃል፤ እርጥብ ሥሩ በተወለወለ ወለል ላይ ያንሸራትታል፤ አንድ ጊዜ በጥፍር ወይም በፔዳል ጥርስ ከተጫረ ቀዳዳው ራሱን እያሰፋ ይሄዳል። ለድንገተኛ ዝናብ ቦርሳ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ ለዕለት ተዕለት አልገዛውም።

ወደ ካልሲው ልመለስ። ሦስት ንብርብር ነው፦ በውጭ የተሸመነ ናይለን፣ በመሐል ውሃ የማያሳልፈው ስስ ሽፋን፣ በውስጥ ሱፍ ወይም ሌላ ለስላሳ ክር። ሐሳቡ የሚማርክ ነው፤ ጫማው ይርጠብ፣ እግሩ ይድረቅ። የብስክሌት ጫማዬ ሥር ቀዳዳ ስላለውና ከላይም ወንፊት ስለሆነ ለቅዳሜው መንገድ ተስፋ ጥዬበት ነበር። በአጭር መንገድ፣ በረጅም ሱሪ፣ በእውነት ይሠራል። ችግሩ የሚጀምረው ውሃ በአፉ ከገባ በኋላ ነው። ጫማ ውስጥ የገባ ውሃ በገባበት ይወጣል፣ በሥሩም ያንጠባጥባል። ካልሲው ውስጥ የገባው መውጫ የለውም፤ ያ ደረቅ የነበረው ሳህን የተናገረው ይህንኑ ነው። አውልቆ እንደ ጨርቅ መጭመቅም አይቻልም፣ መሐሉ ያለው ስስ ሽፋን ይጎዳልና። ገልብጦ ማድረቅ ሌሊት ሙሉ ይወስዳል፤ በማግስቱ ጠዋት ለሥራ አይደርስም። ደግሞም ጫማው እንደረጠበ ይቀራል፤ ካልሲውን አውልቄ ደረቅ ካልሲ ባደርግ የማስገባው እርጥብ ጫማ ውስጥ ነው። አስተማሪን ይህ አይጠቅመውም። ጫማውን መድረሻው ላይ ለሚቀይር ሰው ግን ሌላ ጨዋታ ነው፤ እንዲያውም በካልሲው ረክቶ ሌላውን ሁሉ ሊተው ይችላል። አንዳንዶቹ አፋቸው ላይ ከውስጥ የሲሊኮን ቀለበት አላቸው፤ ባት ላይ ይጣበቅና ውሃውን ያዘገየዋል። ያለ ቀለበቱ የሚሸጠውን አትግዙ። የጫማውን ቁጥርም በአንድ ከፍ አድርጉ፤ ካልሲው ወፍራም ስለሆነ በጠባብ ጫማ ውስጥ ጣትን ይጨምቃል፣ የተጨመቀ ጣት ደግሞ ደረቅም ሆኖ ይበርደዋል።

የጎማ ቦት ጫማን የሚንቅ ብስክሌተኛ ብዙ ነው። ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማን በድኝና በሙቀት ማጠንከር ከቻለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1853 ሂራም ሃቺንሰን ፈረንሳይ ውስጥ ቦት ጫማ ማምረት ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ውሃ በማስቆም ረገድ ማንም አልበለጠውም። ስፌት የለው፣ ዚፕ የለው፣ ቀዳዳ የለው፤ አፉም እስከ ባት ይደርሳል፣ ሱሪው ይሸፍነዋል። በኔ መመዘኛ አንደኛ መውጣት የነበረበት እሱ ነው። ግን ቁርጭምጭሚትን ስለሚያስር ፔዳል መምታት ድካም ይሆናል፤ ሥሩ ሰፊ በመሆኑም የፔዳሉን ዘንግ እየፈተገ ይሄዳል፤ ላቡም ከዝናቡ አይተናነስም። ቀስ ብሎ፣ ቅርብ ቦታ፣ በእውነተኛ ዶፍ ለሚሄድ ሰው ግን ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። አጭሩን፣ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያበቃውን ዓይነት አግኝቼ ለአትክልት ቦታ ሥራም ለብስክሌትም እጠቀምበታለሁ።

ፌስታልስ? ሁላችንም እናውቀዋለን። ካልሲ፣ ከዚያ ፌስታል፣ ከዚያ ጫማ። ነፋስን ያቆማል፣ ከውጭ የመጣውን ውሃም ለጊዜው ያቆማል፤ ከሥሩ ያለው ካልሲ በላብ መርጠቡ አይቀርም፣ ግን ሞቅ ያለ እርጥበት ነው። ፌስታሉ ከካልሲው በታች፣ ባዶ ቆዳ ላይ እንዳይሆን ብቻ። ከጫማው ውጭ ማሰር ደግሞ አደገኛ ነው፤ ፔዳል ላይ ያንሸራትታል፣ ትርፉም ሰንሰለት ውስጥ ይገባል። ድንገት ዝናብ ይዞት ቤቱ ለሚመለስ ሰው መፍትሔ ነው።

ስለ ብስክሌት ካባ ብዙ አልልም። እጅንም ጭንንም የሚሸፍን ድንኳን ነው፤ ፓራፋንጎና ቁራጭ ጎማ ካለ እግርም ከላይ ከሚመጣው ውሃ ብዙውን ይድናል፣ ላብም የለም። ንፋስ ሲመጣ ግን ሸራ ይሆንና ብስክሌቱን ወደ ፈለገበት ይወስደዋል። የኔ መንገድ ንፋስ ይበዛበታል።

ሙቀት ባለበት ወቅት ደግሞ ይህን ሁሉ ትቼ ሰንደል ጫማ አደርጋለሁ። እግር ይረጥባል፤ ይርጠብ። ቆዳ በፎጣ በአንድ ደቂቃ ይደርቃል፣ ጫማ ግን ቀን ይፈልጋል። ደረቅ ካልሲና ጫማ ቦርሳ ውስጥ በፌስታል ታስረው ይጠብቁኛል። ቀዝቀዝ ሲል በሰንደሉ ውስጥ የሱፍ ካልሲ እጨምራለሁ። ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ የሚያህል እርጥበት በውስጡ ይዞ እንኳን ቆዳ ላይ የእርጥብነት ስሜት አይሰጥም፤ ጥጥ ግን ወዲያው ይጣበቅና ይቀዘቅዛል። መልክን በተመለከተ የሰንደልና የካልሲ ጥምረት የተማሪዎቼን ሳቅ ችሏል።

ጫማ ከረጠበ ደግሞ ጋዜጣ ነው። ማሰሪያው ይላላ፣ የውስጡ ንጣፍ ይውጣ፣ ጋዜጣው ተጨማዶ እስከ ጣት ድረስ ይጠቅጠቅ። ብዙ ሰው ጠቅጥቆ ይተኛል፤ ዋናውን ውሃ የሚጠጣው ግን የመጀመሪያው ሰዓት ነውና ያኔ መቀየር አለበት። እሳት ወይም ማሞቂያ አጠገብ ማስቀመጥ ማጣበቂያውን ያላቅቃል፣ ቆዳውንም ይሰነጥቃል።

አሁን የያዝኩት ባለ ሙሉ ሥሩ የናይለን ሽፋን ቢጫ ነው፣ ተረከዙ ላይ አንጸባራቂ ጨርቅ አለው። ይህንን እንደ ጌጥ አትዩት፤ ከፍ ዝቅ የሚል አንጸባራቂ ለሾፌር ዓይን ከቆመው ይልቅ ቶሎ ይታያል፣ ሰው መሆኑንም ይናገራል። በሽፋኑ ላይ ያለኝ ቅሬታ አንድ ነው፣ እሱም ለሁሉም አምራቾች ይደርሳል። መብራት ላይ ስቆም የማወርደው ሁልጊዜ ግራ እግሬን ነው። ስለዚህ የሚያልቀው የግራው ሥር ነው፤ ቀኙ ገና ጥርሱ ሳይላጭ ግራው ይበሳል። ጥንድ ጥንዱን እንጂ ግራውን ለብቻው የሚሸጥ አላገኘሁም። ቁም ሣጥኔ ውስጥ ግራቸውን ያጡ ደህና ቀኞች ተጠራቅመዋል፤ በቀኝ እግሩ የሚቆም፣ አርባ ሁለት ቁጥር የሚያደርግ ብስክሌተኛ ካለ እንነጋገር።